ታንኳዋን ሁለት ጊዜ ሥሯት፦ ከስክራች ወደ ጎዶት መሻገሪያ

ክረምት ላይ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ወደ ክፍሌ መጡ። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ፍላሹን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። አባትየው ገና ሳይቀመጡ፣ «እህቴ፣ ያቺ ድመት ያለችበትን ነገር ጨርሻለሁ ይለኛል። የሕፃን ነው፣ አፍርበታለሁ ይላል። እስቲ እውነተኛውን አስተምሪልኝ» አሉኝ።

ልጁ «እውነተኛው» የሚለው አንሪልን፣ ባለሙያዎች ጌም የሚሠሩበትን ሶፍትዌር ነው። ስልክ ላይ ቪዲዮ አይቶ ልቡ ሸፍቷል። አልፈርድበትም፤ ያየው ነገር በጣም ያምራል። ላፕቶፑን ከፍቼ ሳየው ግን ራሙ 4 ጊጋ ነው። አንሪልን ለመጫን ብቻ በአሥር የሚቆጠር ጊጋ ባይት ያስፈልጋል። ያን ሁሉ በሞባይል ዳታ ማውረድ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ቢወርድም ያ ማሽን አይሸከመውም።

ያቺ ድመት ያለችበት ነገር ስክራች ነው፤ ልጆች ኮዲንግ የሚለማመዱበት። «በስክራች የሠራኸውን ጌም አሳየኝ» አልኩት። ዘጠኝ ፋይል ከፈተልኝ። ዘጠኙም ተጀምረው የቀሩ ናቸው። ድመቷ ትሄዳለች፣ ትዘላለች፣ በቃ። አንዱም «አሸነፍክ» ወይም «ተሸነፍክ» አይልም።

እኔ ባሕር ዳር፣ ፖሊ ካምፓስ አካባቢ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ልጆችን ኮዲንግ አስተምራለሁ። አምስት ሴኮንድ ሃንድ ላፕቶፖች አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል፤ መልሴም ሁሌ አንድ ነው። መጀመሪያ በስክራች አንድ ጌም ጨርሱ። ሌላ ሰው ተቀምጦ እስኪጫወተው ድረስ ጨርሱት። ከዚያ ያንኑ ጌም በፕሮፌሽናል ኢንጅን፣ ማለትም ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ጌም መሥሪያ፣ ድጋሚ ሥሩት። አዲስ ሐሳብ አትጨምሩ፤ ያንኑ። እንዴት እንደምናደርገው ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

መሣሪያዎቹን እንተዋወቅ

ስክራች የወጣው ከአሜሪካው ኤም አይ ቲ ሚዲያ ላብ ነው። ሚቸል ሬዝኒክ የሚመሩት ቡድን ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ተለቀቀ። የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ኮዱ አይጻፍም፤ ባለቀለም ብሎኮች እርስ በርስ ይገጣጠማሉ። ስለዚህ አንድ ነጠላ ሰረዝ ረስቶ ግማሽ ቀን የሚያለቅስ ልጅ የለም። ነፃ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አፕ አለው። ቋንቋውንም ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል፤ እንግሊዝኛው ለከበዳቸው ልጆች መጀመሪያ የማደርግላቸው ይህንን ነው።

ማንበብ ገና ለሚለማመዱ፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት፣ ስክራች ጁኒየር አለ። ቤቱ ኮምፒውተር ከሌለውና አንድሮይድ ስልክ ካለ ደግሞ ፖኬት ኮድን ሞክሩ። በኦስትሪያው ግራዝ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነፃ ሥራ ነው፤ ብሎኮቹ እዚያው ስልኩ ላይ ይገጣጠማሉ።

ከባለሙያዎቹ መሣሪያዎች ስማቸው ጎልቶ የሚጠራው ሦስት ነው፦ ዩኒቲ፣ አንሪል እና ጎዶት። በዩኒቲ የሚጻፈው በሲ ሻርፕ ነው። አንሪል ሲ ፕላስ ፕላስ አለው፤ ብሉፕሪንት የሚባል በምስል የሚያያዝ ኮድም አለው። ወላጆች ብሉፕሪንትን ሲያዩ «ይሄማ እንደ ስክራች ነው» ይላሉ። አይደለም። በመስመር የሚያያዙ ሳጥኖች ስለሆኑ ብቻ ለጀማሪ አልቀለሉም። ከእያንዳንዱ ሳጥን ጀርባ ያለውን ነገር ማወቅ ግድ ነው።

እኔ የምጠቀመው ጎዶትን ነው። ሁዋን ሊኔትስኪና አሪኤል ማንዙር የተባሉ ሁለት አርጀንቲናውያን የጀመሩት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። የመረጥኩበት ምክንያት የክፍሌ ኑሮ ነው። ፋይሉ 200 ሜጋ ባይት አይሞላም። አካውንት አይጠይቅም፣ አይጫንም፤ ከዚፑ አውጥቶ መክፈት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አውርጄ በፍላሽ ለአምስቱም ላፕቶፕ አደረስኩት። መጻፊያው ጂዲ ስክሪፕት ይባላል፣ ፓይተንን ይመስላል። ክፍያም የለውም። ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ጌሙ በተጫነ ቁጥር ክፍያ እጠይቃለሁ ብሎ ብዙ ሠሪዎችን ካስደነገጠ በኋላ በዓመቱ ትቶታል። ያኔ ብዙ ሰው ወደ ጎዶት ዞሯል። ሥራ ፍለጋ የሚወጣ ወጣት ዩኒቲን ቢማር ግን አልከለክልም፤ ብዙ ድርጅት ይጠቀምበታል።

መጨረስ ማለት

ጌሙ ሲከፈት መነሻ ገጽ አለው። ተጫዋቹ ያሸንፋል ወይም ይሸነፋል። ነጥብ ይቆጠራል። ሲያልቅ እንደገና ይጀመራል። ይህ ሁሉ ካለ ጎረቤት ጥሩና አስቀምጡት። ከኋላው ቁሙና አፋችሁን ያዙ። «እዚህ ጋ ተጫን» ካላችሁ አላለቀም።

የ12 ዓመት ተማሪዬ የሠራችውን ልንገራችሁ። ታንኳ ከዘጌ ቡና ጭና ወደ ባሕር ዳር ትመጣለች። መንገድ ላይ ጉማሬ አለ፣ እምቦጭም አለ። ጉማሬ ከነካት ቡናው ውሃ ገባ፣ ጨዋታው አለቀ። እምቦጭ ውስጥ ከገባች ትዘገያለች። ባሕር ዳር ከደረሰች አሸነፈች። ጌሙ ይኸው ነው። በስድስት ቅዳሜ ጨረሰችው።

መጀመሪያ የሠራችው እንደ ሁላችንም ነበር። የቀኝ ቀስት ከተጫነ፣ ታንኳዋ በ5 ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ቀስቱ ሲለቀቅ ትቆማለች። ቤቷ ወስዳ አያቷን አስጫወተቻቸው። አያቷ በጉብዝናቸው ጊዜ ጣና ላይ በታንኳ ዓሣ ያሰግሩ ነበር። ትንሽ ሞከሩና ቀና ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ይቺ ታንኳ ፍሬን አላት እንዴ? ደንገል እኮ ናት። መቅዘፉን ብትተዪውም ውሃው ይዟት ይሄዳል» አሏት።

ቅዳሜ እየሮጠች መጣች። «ቲቸር፣ ታንኳዬ ቀጥ ብላ ትቆማለች!» አለችኝ። የዚያን ቀን የሠራነው ከሁሉም ትምህርት ይበልጥብኛል፤ ስለዚህ በዝርዝር ላሳያችሁ።

«ፍጥነት» የሚባል ቫሪያብል፣ ማለትም ቁጥር የሚያዝበት ሳጥን፣ ክፈቱ። ዋጋው ሲጀመር 0 ይሁን። ሳያቋርጥ በሚደጋግመው ብሎክ ውስጥ አራት ነገር በቅደም ተከተል አስገቡ። የቀኝ ቀስት ከተጫነ ፍጥነት ላይ 1 ደምሩ። የግራው ከተጫነ 1 ቀንሱ። ከዚያ ፍጥነትን በ0.9 አባዙት። በመጨረሻ ታንኳዋን በፍጥነቱ ልክ አንቀሳቅሷት። በቃ። ወደ ላይና ወደ ታች ለመሄድም ሌላ ቫሪያብል ከፍታችሁ ያንኑ ድገሙት።

አሁን ቀስቱን ይዛችሁ ቆዩ። ታንኳዋ ቀስ ብላ ትነሳለች፣ ትፈጥናለች፣ ግን 9 ላይ ልትደርስ ስትል ከዚያ አታልፍም። በእያንዳንዱ ዙር 1 ይጨመርላታል፣ ከአሥር አንድ እጅ ደግሞ ይወሰድባታል። 9 ላይ የሚጨመረውና የሚወሰደው እኩል ይሆናል። ቀስቱን ልቀቁት። ስክራች በሰከንድ 30 ጊዜ ስለሚደጋግም፣ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ተንሸራታ ትቆማለች። የ12 ዓመት ልጅ ይህንን በወረቀት አሰላችው። ትምህርት ቤት የአስርዮሽ ማባዛት ያስጠላት የነበረች ልጅ ናት።

እምቦጩስ? አዲስ ኮድ አልፈለገም። ታንኳዋ እምቦጭ ከነካች 0.9 የነበረው 0.7 ይሁን። ያኔ ፍጥነቷ ከ2 ብዙም አያልፍም። ተጫዋቹ ይጨነቃል፤ ጣና ላይ እምቦጭ የገጠመው ሰው እንደሚጨነቀው።

እምቦጩን ለማብዛት ክሎን ተጠቀሙ። አንዱን እምቦጭ ሣሉ፣ ራሱን ይቅዳ። አንድ ነገር ግን እወቁ፤ ስክራች ከ300 በላይ ክሎን አይፈቅድም። ከስክሪን የወጣውን ክሎን ካላጠፋችሁት 300 ሞልቶ አዲስ እምቦጭ መውጣቱን ያቆማል፣ እናንተም ምን እንደተበላሸ ሳታውቁ ትውላላችሁ።

አንድ ነገር ልማዳችሁ ይሁን፤ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ሴቭ አድርጉ። ኦፍላይን አፑ በራሱ ሴቭ አያደርግላችሁም። ክፍሌ ውስጥ በየ10 ደቂቃው አንድ ልጅ «ሴቭ!» ብሎ ይጮሃል። ተራ አለው።

መሻገሪያው

አሁን ጎዶትን ክፈቱ። አዲስ ፕሮጀክት ስትፈጥሩ ሬንደረር፣ ማለትም ሥዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው ክፍል፣ የትኛው ይሁን ብሎ ይጠይቃችኋል። «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ምረጡ። ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚሆነው እሱ ነው። ከዩቲዩብ የምትከተሉት ትምህርት ካለ ደግሞ ለጎዶት 4 መሆኑን አረጋግጡ። በጎዶት 3 ብዙ ነገር በሌላ ስም ነው የሚጠራው። ለምሳሌ አሁን «ካራክተር ቦዲ» የሚባለው ያኔ «ካይነማቲክ ቦዲ» ነበር። በዚህ ብቻ ተስፋ የቆረጡ ልጆች አውቃለሁ።

ሥዕሎቹን ድጋሚ አትሣሉ። ስክራች ውስጥ ኮስትዩሙን (ሥዕሉን ማለት ነው) በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ኤክስፖርት አድርጉት። ብዙ ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ፤ የስክራች ፋይል በውስጡ ዚፕ ነው። ኮፒ አድርጉና የኮፒውን ስም መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይሩት። ሲከፈት ሥዕሉም ድምፁም እዚያ አለ። ልጅቷ የራሷን ታንኳ ጎዶት ውስጥ ስታያት ፊቷ በራ። ከባዶ የጀመረች መሆኗ ቀረ።

ቀጥሎ ፕሮጀክት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የመስኮቱን ስፋት 480፣ ቁመቱን 360 አድርጉ። የስክራች መድረክ ልኩ ይኸው ነው። ጠበበን አትበሉ፣ በኋላ ይሰፋል። አሁን የሚያስፈልገን ሁለቱን ጌም ጎን ለጎን ማስተያየት ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ግራ መጋባት ይመጣል። በስክራች 0፣ 0 የሚባለው ቦታ መድረኩ መሃል ነው፤ ወደ ላይ ስትሄዱ ዋይ ይጨምራል። በጎዶት 0፣ 0 ከላይ በግራ ያለው ጥግ ነው፤ ዋይ የሚጨምረው ወደ ታች ስትሄዱ ነው። ስለዚህ ኤክሱ ላይ 240 ደምሩ። ዋዩን ደግሞ ከ180 ቀንሱ። በስክራች ኤክሷ -100፣ ዋይዋ 50 የነበረች ታንኳ በጎዶት 140 እና 130 ላይ ትቀመጣለች። ተማሪዎቼን በግራፍ ወረቀት ላይ ሁለቱንም አሥላቸዋለሁ። አንዴ በእጃቸው ከሣሉት አይረሱትም።

ሁለተኛው ግራ መጋባት ጊዜ ነው፣ እሱ ይከፋል። ስክራች በሰከንድ 30 ጊዜ ይደጋግማል። የጎዶት ፊዚክስ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመታል። በየዙሩ 5 የምትሄደውን የመጀመሪያዋን ታንኳ እንዳለች ብታሻግሯት እጥፍ ትሮጣለች። ስለዚህ ጥያቄውን ለውጡ። «በአንድ ዙር ስንት?» ማለት ተዉና «በአንድ ሰከንድ ስንት?» በሉ። 5 በ30 ሲባዛ 150 ነው፤ በሰከንድ 150 ፒክስል። የአያትየው ታንኳ ጣሪያዋ 9 ነበር፤ በሰከንድ 270 ማለት ነው።

ማንሸራተቻውም ይለወጣል። በሰከንድ 60 ጊዜ በ0.9 ብታባዙ ታንኳዋ ቶሎ ትቆማለች፤ አያትየው እንደገና ፍሬን ሊሏት ነው። 0.95 አድርጉት። 0.95 በራሱ ሲባዛ ወደ 0.9 ይጠጋል፣ ሁለት የጎዶት ምት አንድ የስክራች ዙር ሆነ ማለት ነው። በየምቱ የምትደምሩት ደግሞ 14 ይሁን፤ ጣሪያው 270 አካባቢ ይመጣል። እምቦጭ ውስጥ 0.84 በቂ ነው። ቁጥሮቹን ከእኔ አትቀበሉ፣ በካልኩሌተር አረጋግጡ።

ጎዶት ውስጥ ጌም የሚገነባው ኖድ ከሚባሉ ክፍሎች ነው። ታንኳዋ ካራክተር ቦዲ ቱዲ የሚባል ኖድ ትሁን። በውስጧ ሁለት ልጆች፣ ማለትም ሁለት ሌሎች ኖዶች ይኑሯት፦ አንዱ ሥዕሏ፣ ሌላው ኮሊዥን ሼፕ፣ ማለትም የምትጋጭበት ቅርጽ። ስክራች «ነካ ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁት ሥዕሉን ራሱን ያያል። ጎዶት ሥዕሉን አያይም። ቅርጹን እናንተ ትሠሩለታላችሁ። ከረሳችሁት ኖዱ አጠገብ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ ታንኳዋም ጉማሬውን እንደ ጭስ ሰንጥቃው ታልፋለች። ቢጫዋን ሳታጠፉ ወደፊት አትሂዱ።

የጉማሬውን ቅርጽ ከሥዕሉ ትንሽ አሳንሱት። ጆሮው ጫፍ ነክቶት የሚሸነፍ ተጫዋች ይናደዳል፣ ልክም ነው።

ጉማሬውና እምቦጩ ኤሪያ ቱዲ ይሁኑ። ታንኳዋ ስትገባባቸው ሲግናል ይልካሉ። ልጆቹ ሲግናልን ቶሎ የሚገባቸው እንዲህ ሳስረዳቸው ነው። የስክራች ብሮድካስት የእድር ጡሩምባ ነው። ይነፋል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ የሚመለከተው ይመጣል። የጎዶት ሲግናል ደግሞ ስልክ ነው። አስቀድማችሁ ካገናኛችሁት ሰው ሌላ ማንም አይሰማም። ስለዚህ ማገናኘቱን አትርሱ። እምቦጩ ላይ ሁለት ሲግናል ያስፈልጋል፤ አንዱ ስትገባ፣ አንዱ ስትወጣ። መውጫውን የረሳ ልጅ ታንኳው ባሕር ዳር እስኪደርስ በ0.84 ይጎተታል።

ክሎን በጎዶት የለም። እምቦጩን ለብቻው እንደ አንድ ሲን፣ ማለትም ራሱን እንደቻለ ፋይል፣ ሠርታችሁ በኮድ እያባዛችሁ ታወጡታላችሁ። 300 የሚል ገደብ ስለሌለ የሚያስቆማችሁ የለም፤ ላፕቶፑ ራሱ ስታክ እስኪያደርግ ድረስ ይበዛል። ከስክሪን የወጣውን ማጥፋት እዚህም ግዴታ ነው።

ስለ አማርኛው ፊደል አደራ። «አሸነፍክ» ብላችሁ ስትጽፉ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ደህና ሊታይ ይችላል። ጌሙ ሌላ ቦታ ሲሄድ፣ በተለይ ለብራውዘር ሲወጣ፣ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን ነፃ ፎንቶች አንዱን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡና ለጽሑፉ ስጡት። የግዕዝ ፊደላችንን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ጌሙን ለሌላ ሰው ለመስጠት ኤክስፖርት ቴምፕሌት የሚባል ሌላ ፋይል ይጠይቃል። እሱ ከጎዶት ራሱ በብዙ እጥፍ ይከብዳል። ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ስትሄዱ አንዴ አውርዱትና በፍላሽ አስቀምጡት።

ፍላሽ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ልጅ ከዘጠኙ አንዱን መርጦ ተቀመጠ። ድመቷ የምትዘልበትን ነው የመረጠው። አራት ቅዳሜ ፈጀበት። ነጥብ አስገባ፣ መሸነፊያ አስገባ፣ ታናሽ እህቱን አስጫወታት። አሁን ጎዶት ውስጥ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። አንሪልን ረስቶታል አልልም፤ አንዳንዴ ይጠይቀኛል። «ድመቷ ጎዶት ላይ ስትዘል እናወራለን» እለዋለሁ። እሺ ይላል፣ ይሠራል።

ልጅቷ ደግሞ የጎዶቷን ታንኳ ስትጨርስ ላፕቶፑን ለአንድ ሌሊት አዋስኳት። አያቷ ጌሙ ውስጥ ከዘጌ ተነሥተው ባሕር ዳር ደረሱ። ፍሬን የሚል ቃል አልወጣቸውም። ቆይተው ግን፣ «ከሰዓት ነው ወይስ ጠዋት?» ብለው ጠየቁ። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባትም። «ከሰዓት ከሆነ ንፋሱ የታለ?» አሏት።

ንፋስ ማለት በየምቱ ታንኳዋ ፍጥነት ላይ የሚደመር አንድ ትንሽ ቁጥር ነው፤ ቀዘፋችሁም አልቀዘፋችሁም ይደመራል። ቫሪያብሉን ከፍታዋለች። ለጊዜው ዋጋው 0 ነው። ስንት እንደሚሆን አያቷ አጠገቧ ተቀምጠው ይነግሯታል።